የተከደነው ሰሃን

ጫማዬን ሳልወለውል ከቤት አልወጣም። በመሐል ሜዳ ከተማ ጭቃ፣ በክረምት ሳይቀር! ባለቤቴ «ጫማህን ተውና ነፍስህን ወልውል» እያለች ታሾፍብኛለች። ጎረቤቶቼም ሲያልፉ ሲያገድሙ «ተጠንቀቅ!» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። በጦር አካዳሚ እጩ መኮንን ሆኖ ያላለፈ ሰው ምን ያውቃል? ሰው ሲያረጅ ትከሻው ይጎብጣል እንጂ እዚያ የተማረው አይለቀውም። ኩራት ነው ካሉኝ አዎ፣ ኩራት ነው።

ከኮርስ ጓደኞቼ መካከል በዚህ በመንዝ የቀረነው ሦስት ነን። አንዱ ሞላሌ ላይ እህል ይነግዳል። ሌላው እዚሁ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ማኅበር እንለዋለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚሰበስበን አንድ ሰሃን ነው።

ነገሩ ከአካዳሚው የመጣ ልማድ ነው። ለምግብ ስንቀመጥ ዘብ ላይ ያለ ልጅ ካለ ድርሻው ይወጣለትና በሌላ ሰሃን ተከድኖ ከቦታው ይቀመጥለታል። ረሃብ አንጀታችንን ሲያላውሰው እንኳ ያንን ሰሃን የሚነካ አልነበረም። «የማን ነው?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ዘብ ላይ ነው።» ለሞተ ሰው ሰሃን አይቀርብም፤ የሞተው በጸሎት ይታሰባል፣ በቃ። ሰሃን የሚከደነው ለሚመለስ ሰው ነው።

እኔ ቤት በየዓመቱ አንድ ሰሃን ይከደን ነበር። የሚከደንለት የቄስ ልጅ ነው፣ ከሞላሌ ወዲያ ካለች ገጠር የመጣ፤ አካዳሚ ሳለን አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ከተመረቅንም በኋላ ሰሜን ግንባር አብረን ዘመትን። ሰው አልቆብን ስለነበር መኮንኑም እንደ ወታደሩ ዘብ ይቆማል። አንድ ምሽት ከሁሉም ፊት ባለችው ጉብታ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሊነጋጋ ሲል ልቀይረው ወጣሁ። የለም። ደም የለም፣ ቀለህ የለም፣ ጠመንጃውም የለም። ያለችው እናቱ ከበግ ፀጉር ፈትለው ያሠሩለት ባና ብቻ ናት፤ በአካዳሚው ደንብ አራት ማዕዘኗ ተስተካክሎ፣ ታጥፋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጮኼ ስሙን ጠራሁ፤ ማንም አልመለሰልኝም። በዚያው ማለዳ «ልቀቁ» ተባልንና ባናዋን እንደያዝኩ ከቦታው ወጣን።

ያቺ ባና እስከ ዛሬ አትለቀኝም። የሚማረክ ሰው ልብሱን ያጥፋል? የሚሞትስ? ጉም ከተማውን በሸፈነበት ጠዋት፣ ደጄ ላይ ቆሞ እስክቀይረው የሚጠብቀኝ ይመስለኝና በሩን እከፍታለሁ። ባለቤቴ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች። «ማንም» እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ደጄን እፈራለሁ ብል አላፍርም።

ለአባቱ ያየሁትን ሁሉ ያኔውኑ ነግሬ ባናዋን አስረክቤያቸዋለሁ። እሳቸውም «ልብሱን አጥፎ የወጣ ሰው ይመለሳል» አሉና ያቺን ቃል ሙጥኝ አሉ። ለደብሩ ሰው ሁሉ ፍትሐት ሲያደርሱ የኖሩ ቄስ ለልጃቸው አላደረሱም፤ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግማ! በየዓመቱ ማኅበራችን ላይ ይመጡና ማዕዱን ባርከው፣ የተከደነውን ሰሃን አይተው ይሄዳሉ። ማምሻውን ባለቤቴ ምግቡን ለነዳያን ትሰጠዋለች።

አምና በኅዳር ግን የሞላሌው ጓደኛችን ከሚኒባስ ደግፎ ነው ያወረዳቸው። ጥቁሩ በርኖሳቸው ሰፍቷቸዋል። መስቀላቸውን ተሳለምን፤ ማዕዱን ባረኩ፤ ከዚያ ግን አልተቀመጡም።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። «የልጄን ሰሃን ክፈቱት።»

እርስ በርስ ተያየን።

«እኔም መሄጃዬ ደርሷል። ለልጄ ፍትሐት ሳይደረግለት ብሞት ማን ያስደርግለታል? ካህናቱን ለመንኳቸው። እነሱ ደግሞ ‹ጓደኞቹ ዛሬም ሰሃን ከድነው ይጠብቁት የለም ወይ? እነሱ ተስፋ ያልቆረጡበትን እኛ እንዴት እንቆርጣለን?› አሉኝ።»

ደሜ ፈላ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኛ ጓደኛ አንጥልም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «ሰሃኑን ከፈትን ማለት ትተነው ሄድን ማለት ነው።»

«ወይ አንተ ልጅ! እናቱ እኮ እርሟን ሳታወጣ ነው የሞተች። እኔንም እንደዚያው ልትሸኘኝ ነው?»

አስተማሪው አንገቱን ደፋ። የሞላሌው «ተው እንጂ፣ እሺ በላቸው» አለኝ። እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ዘብ ያለ ተተኪ አይወርድም» አልኩ። «ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የማወርደውም እኔ ነኝ። ግን በቦታው ሌላ ሰው ሳላቆም ላወርደው አልችልም። ደንብ ነው።» ለሰው ሲያወሩት ቂልነት ይመስላል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያንን ደንብ ከእኔ ላይ ቢያነሡት የሚተርፈኝ የተወለወለ ጫማ ብቻ ነው።

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው ተተኪው እኔ ነኝ» አሉ።

«አባ፣ እባክዎ ይቀመጡ…»

«ተተኪ አልክ፤ ይኸው። ማኅሌት ቆሜ ሳድር ነው የኖርኩት፣ መቆም አያቅተኝም። ቦታዬን አሳየኝ።»

ተነሣሁ፤ ጓደኞቼም ተነሡ። ከተከደነው ሰሃን አጠገብ አቆምኳቸው። «ተጠንቀቅ!» አልኩ፤ ሦስታችንም ቀጥ አልን፤ እሳቸውም የጎበጠ ወገባቸውን እንደምንም አቀኑት። የልጁን ስም ጠራሁ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። «ተተክተሃል፤ ውረድ!» አልኩት። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ክዳኑን አነሣሁት። ወጡ ቀዝቅዞ ረግቷል።

«ብሉለት» አሉን ሽማግሌው እንደቆሙ። «እኔ ዘብ ላይ ነኝ፤ አልበላም።»

አንዳንድ ጉርሻ ወሰድን። ዕንባዬ መጣ፤ ማንንም አላፈርኩም፣ አለቀስኩ።

ፍትሐቱ ብዙም ሳይቆይ ተደረገ። አገሩ ተሰብስቦ አለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። እሳቸው እርማቸውን አወጡ፤ ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። ፋሲካን ሳያዩ አረፉ።

ዘንድሮ በኅዳር ባለቤቴን «ከእንግዲህ የሚከደን ሰሃን የለም» አልኳት። ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር። ልንቆርስ ስንል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሽማግሌውን ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሳላወርዳቸው ነው የሄዱት። ለሞተ ሰው ሰሃን እንደማይቀርብ እኔ ነኝ ለሰው ሁሉ የማስተምረው። ቢሆንም ተነሥቼ ሰሃን ሞላሁና ከደንኩ።

«የማን ነው?» አለ አስተማሪው። ጠፍቶት አይደለም፤ ደንቡን ለማድረስ ነው።

«የአባ ነው። ዘብ ላይ ናቸው።»

የሞላሌው ጓደኛችን ከበሩ ጀርባ ያስቀመጠውን ፌስታል አምጥቶ ከፈተው። ያቺ ባና ናት፤ አራት ማዕዘኗ ተስተካክሎ ታጥፋለች።

«ሊያርፉ ሲሉ አደራ ብለውኛል» አለኝ። «‹ለተተኪዬ ስጥልኝ› አሉ።»

ተተኪያቸው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቀጥ ብዬ ቆሜ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። አሁን ማታ ማታ የምለብሰው እሷን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ከመወልወሌ በፊት በደንቡ አጥፌ አልጋዬ ላይ አስቀምጣታለሁ።