በአክስቴ ተረከዝ ላይ የነበረው ነጥብ

ያሳደገችኝ አክስቴ ካረፈች አርባ ቀኗ ሞላ። ተረከዟ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት፤ «ማርያም የሳመችኝ ናት» ትል ነበር።

ልጄ «እማማ፣ ማርያም ተረከዝም ትስማለች እንዴ?» ስትላት፣ «ንቃ የምትተወው ሰውነት አለ ወይ?» ብላ ትስቅ ነበር።

ኋላ ነጥቡ ሰፋ። ዳር ዳሩ ወጣ ገባ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ ሆነ። እንታከም ስላት እምቢ አለች። በመጨረሻ ከመቲ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ሳመጣት ሐኪሙ «ካንሰር ነው፤ ዘግይታችኋል» አለኝ።

ትናንት ልጄ የአክስቴ ባዶ አልጋ ላይ ስትጋደም ውስጥ እግሯ ላይ ነጥብ አየሁ።

«እማ፣ ድሮም ነበረኝ እኮ!»

ድሮ ይህን ያክል ነበር? እኔ እናቷ አላውቅም። ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እምቢ ካለች ግን አዝዬ እወስዳታለሁ።