ባሮ ያልተነበበባቸው ዘጠኝ ቀናት

ጋምቤላ ሥራ የጀመርኩት ሰኔ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነው። ቀይና ነጭ የተቀባውን የውሃ መለኪያ ሰሌዳ ኦሞድ ይዞልኝ እኔ በመዶሻ መታሁት። ኦሞድ የአባቴ እኩያ የሚሆን የአኙዋክ ገበሬ ነው። ሚሲዮኖቹ ጋ ቁጥርና ፊደል ስለተማረ፣ ጠዋትና ማታ ውሃውን እያነበበ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ተቀጥሮልኛል።

«ይሄ አጭር ነው» አለኝ ሰሌዳውን እያየ።

«በስሌት ነው የተሠራው።»

«እሺ» አለና ሳቀ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ኮሌጃችን ሰባት ዓመት የሚፈጀውን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ አጣምሮ በአምስት ዓመት የሚያስጨርስ መንገድ ከፍቶ፣ ከክፍላችን ሁለት ሰው መረጠ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ኧረ ምን ኩራት ነበር! ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም። ውሉ ግን ጥብቅ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ኅዳር ሳያልቅ ካልገባ ሁለተኛው ዲግሪ ይቀራል፣ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ መሰናበት ነው።

የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ባሮ ላይ ድልድይ ቢሠራ ወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል? ይህን ለመመለስ የክረምቱን ትልቁን ሙላት ማወቅ ያስፈልጋል።

ነሐሴ ሲጋመስ ወባ ጣለችኝ። ቤት ያከራዩኝ አቶ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው፣ ባለሱቅ ነበሩ። ኪኒኑንም ሾርባውንም ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ኦሞድ ሊያነጋግረኝ ሲመጣ «ሰውዬው ራሱን አያውቅም፣ ሌላ ቀን ና» እያሉ ይመልሱት ነበር። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ።

ስነሳ የኦሞድ መዝገብ ላይ ዘጠኝ መስመር ባዶ ነው። ውሃው ሰሌዳውን ውጦት ስለነበር የሚነበብ ቁጥር አልነበረም። እኔ ግን ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ሄጄ ኦሞድን አልጠየቅኩትም። ቸኩያለኋ! የውሃውን ከፍታ በየቀኑ ነጥብ በማደርግበት ሥዕል ላይ፣ ከበሽታዬ በፊት የነበረውንና በኋላ የመጣውን ነጥብ፣ መሃሉን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ በለስላሳ መስመር አገናኘሁ። ሲያምር! ዘጠኙን ቁጥር ከዚያው መስመር ላይ አንብቤ፣ በባዶው ቦታ በኦሞድ ስም ጻፍኩ።

ጥቅምት ላይ ስሌቱ አለቀ። ደስ እንዲለው ብዬ ሥዕሉንና መዝገቡን ለኦሞድ አሳየሁት። በጣቱ ቀኖቹን ቆጠረና ቆመ።

«ይሄን ማን አየ?»

«በስሌት ነው...»

«ስሜን ጽፈሃል። እኔ አላየሁም።»

እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። እሱ ግን አልተጣላኝም፤ «ና» ብሎ ወደ ማሳው ወሰደኝ። የባሮ ዳር ሰው ሙላቱ ሲሸሽ በረጠበው አፈር ላይ በቆሎ ይዘራል። ኦሞድ በየዓመቱ ውሃው ደርሶ የቆመበት ላይ እንጨት ይተክላል፤ ከእንጨቱ በታች ያለው የሚዘራበት ነው።

«ውሃ እዚህ ደረሰ። አንተ ታመህ ሳለ። ልነግርህ መጣሁ።»

የቀያሽ መነጽሬን አቆምኩ፤ መለኪያውን ዘንግ እንጨቱ ሥር እሱ ያዘልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከኔ መስመር ከአንድ ሜትር በላይ ይበልጣል። የነደፍኩት ድልድይ ወለል ውሃ ውስጥ ነው።

ለአማካሪዬ ቴሌግራም ላክሁ፤ ሁለት ወር ይጨመርልኝ አልኩ። «ቀኑ አይለወጥም፤ ያለህን አስገባ» ብለው መለሱ። ያለኝ ደግሞ ተጽፎ ያለቀ፣ ማንም ጋምቤላ ድረስ መጥቶ የማይመረምረው ጥናት ነው። «ላክና ተገላገል ልጄ፣ ድልድዩ እንደሆነ ወረቀት ላይ ነው» አሉኝ አቶ ሰይድ። እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ቀን አመነታሁ። ፖስታውን ሁሉ አሽጌ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኦሞድ እንደ ልማዱ መጥቶ የዕለቱን የውሃ ቁጥር ነገረኝ። ከዚያ «ስሜን ፋቅከው?» አለ።

ምላጭ አወጣሁና እሱ ፊት ዘጠኙንም መስመር ፋቅኩ። ብዕሩን ሰጠሁት። ከሥር በራሱ እጅ «ውሃው ከሰሌዳው በላይ ነበር» ብሎ ጻፈ።

ጥናቱን እንደ አዲስ ሠርቼ ጥር ላይ አስገባሁ። መምህራኑ ጥሩ ነው አሉ፤ ሁለተኛውን ዲግሪ ግን ከለከሉኝ። ከኔ ጋር የተመረጠው ጓደኛዬ ሁለቱንም ይዞ ወጣ። ቀናሁበት፣ ዛሬም እቀናለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አለቆቼ ሁሉ ባለ ሁለት ዲግሪ ነበሩ፤ አንዳንዱንም ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ።

መዝገቡ አሁንም እኔ ጋ አለ። የተፋቀው ቦታ ሳስቷል፤ ብርሃን ላይ ሲያዙት ያሳልፋል። አዲስ መሐንዲስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማሳየው ያንን ገጽ ነበር። «ያላያችሁትን ቀን ባዶ ተዉት፤ ከዚያ ሄዳችሁ ያየውን ሰው ጠይቁ» እላቸው ነበር።