ከድራየሩ ጎን የምትዘምረው ጸዳለ

የበፈቃዱ ስቱዲዮ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ታውንሃውስ ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል፣ በልብስ ማድረቂያው በድራየሩና በውሃ ማሞቂያው መካከል ይገኛል። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ለጥፏል፤ ስፖንጁ ያልደረሰበትን ደግሞ ሚስቱ ጸዳለ ከአገር ቤት ተሸክማ ባመጣችው ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ዘማሪ ሲቀዳ ድራየሩ መጥፋት አለበት። ሕጉ በሩ ላይ ተለጥፏል። ያም ሆኖ በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ካለቀሰባቸው መዝሙሮች ቢያንስ በአንዱ ውስጥ፣ ጆሮውን የሰጠ ሰው ከበስተኋላ ፎጣ ሲገላበጥ ይሰማዋል።

በፈቃዱ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። በመሃል ያለው ጊዜ የስቱዲዮው ነው። ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩ ጎረምሶችን እያየ፣ ያልገባውን እየዘለለ፣ የገባውን እየነካካ፣ አንዳንዴም ያልገባውን እየነካካ ነው እዚህ የደረሰው። ዛሬ ከፔትዎርዝ እስከ በርክ ያሉ ዘማሪዎች መኪናቸውን የጎረቤቱ ደጃፍ ላይ አቁመው ወደ ቤዝመንቱ ይወርዳሉ። ከመቅዳቱ በፊት ይጸልያል፤ ከቀዳ በኋላ ያርማል። ጌታ ልብን ያያል፣ ሰው ግን የሚሰማው በመኪና ስፒከር ነው ይላል።

በዚህ ሁሉ ታማኝነቱ መሃል አንድ ውሸት ነበረችበት። ጸዳለ ስትዘምር ከዜማው ዝቅ ትላለች።

ብዙ አይደለም። ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻዋን እርከን እንደሳተ ሰው ነው። ግን ማንም አይነግራትም። በአማርኛ ጉባኤ ውስጥ መዝሙሩን ያሳመረውም ያበላሸውም እኩል «ተባረክ» ነው የሚባለው። ልዩነቱን የሚያውቀው ድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ባሏ ነው።

ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። ጸዳለ ናዝሬት ልጅ ሳለች የመዘምራኑ መሪ ኋላ ረድፍ አቁሟት፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ ብሏት ነበር። ለበፈቃዱ የነገረችው እየሳቀች ነው፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። መሪው እንደዚያ ካላት ቀን ጀምሮ ልጃቸውን ማራናታን እስክትወልድ ድረስ አልዘመረችም። እንደገና የጀመረችው ሕፃኗን ስታስተኛ ነው፤ ሕፃኗም ቅሬታ አላቀረበችም። እናም በፈቃዱ፣ ሚስቱ በቀዳች ቁጥር፣ የወረደችውን ድምፅ አንድ በአንድ በማውስ እየጎተተ ወደ ቦታዋ ይመልሳት ነበር፤ ልክ ምስር እንደሚለቅም ሰው። ጸዳለም ያለቀውን መዝሙር ሰምታ፣ ጌታ ጉሮሮዬን ጠገነልኝ ብላ ታመሰግናለች። በፈቃዱ «አሜን» ይላል። ሥራውን ጌታ ሲወስድበት ቅር ብሎት አያውቅም።

ችግሩ የመጣው መዝሙሯ ስለተወደደ ነው። ራሷ የጻፈችው በትዝታ ቅኝት የሚሄድ ዝግ ያለ መዝሙር ነው፤ «ፀጉሬን ቆጥረሃል፣ የወደቀውን ጭምር» ይላል። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ እህቶች በሙሉ ስልካቸው ላይ ጫኑት። ከዚያ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ጉባኤ ለዓመታዊ ኮንፈረንሱ ብቻዋን እንድትዘምር ጋበዛት። በሕዝብ ፊት፣ ማውስ በሌለበት።

ጸዳለ ቀሚስ አሰፋች። በፈቃዱ እንቅልፍ አጣ። ማራናታ አባቷን በስልክ ሰምታው፣ «ዳድ፣ ጀስት ቴል ኸር» አለችው፤ በቃ ንገራት ማለቷ ነው። ነርስ ናት፤ ለሰው መጥፎ ዜና መንገር ሥራዋ ነው። እሱ ግን ሌላ መንገድ ጸለየ፤ ጸሎቱም፣ እሱ እንደተረዳው፣ በአፕዴት መልክ ተመለሰ።

የሚቀዳበት ሶፍትዌር አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ድምፅን የሚያርመው ከተቀዳ በኋላ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ሰውየው እየዘመረ እያለ፣ ከማይኩ ወጥቶ ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ድምፁ በመስመር ይሄዳል፤ ልክ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲስት ቀይ። ከአሥራ ሁለቱ የሙዚቃ ድምፆች የማይፈለጉትን መዝጋትም ይቻላል። በፈቃዱ ሰባቱን ዘግቶ የትዝታን አምስት ብቻ ክፍት ተወ። ከዚያ በኋላ ማይኩ ላይ የተነፈሰ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ከአምስቱ በአንዱ ይወጣል። ራሱ ሞከረው። አሳለው፤ ሳሉ በትዝታ ወጣ። በጉልበቱ ተንበርክኮ አመሰገነ።

የኮንፈረንሱ ቅዳሜ ላፕቶፑን ሚክሰሩ ጎን ዘረጋው። የአዳራሹ ልጆች ምንድን ነው ሲሉት ለመቅጃ ነው አላቸው። የጸዳለን ማይክ በላፕቶፑ በኩል አሳለፈ። ከጎኑ እማማ ካሰች ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የጉባኤው ትልቅ እናት ናቸው፣ በየስብሰባው ሚክሰሩ አጠገብ የሚቀመጡት ስፒከሩ ጆሯቸውን ስለሚመታቸው ነው።

ጸዳለ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ፈሰሰ። ሕዝቡ እጁን አነሳ፣ እህቶች መሃረብ ፈለጉ፣ እሷም ከስፒከሩ የሚመለሰውን የራሷን ድምፅ ሰምታ ፊቷ በራ።

በፈቃዱ ሁሉንም ነገር አስቦ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ዘነጋ። ሃያ ዓመት ያየውን ነገር። የአማርኛ ጉባኤ ፓስተር መንፈሱ ሲነሳሳ የራሱን ማይክ አይፈልግም። የዘማሪዋን ነው የሚቀማው።

ፓስተር አዶኒያስ በሁለተኛው አዝማች ላይ ወጥተው ማይኩን ከጸዳለ እጅ ወሰዱ። «እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ አለ» አሉ። በትዝታ ወጣ። «ሃሌሉያ» አሉ፤ ሃሌሉያው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተንሸራቶ፣ መሃል ላይ ተንጠለጠለ። ፓስተሩ ማይኩን ራቅ አድርገው አዩት። ፊት ረድፍ ያሉት ግን አዲስ ጸጋ ወረደ ብለው እልልታውን አቀለጡት። ይህን ጊዜ ፓስተሩም ነገሩን ማመን የጀመሩ መሰሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ረዘም ያለ ጸሎት ያዙ፤ ጸሎቱም ሠርግ ላይ ከሚሰማው ብዙም አልራቀም።

«ይሄ ልጅ መቼ ነው ዘፈን የተማረው?» አሉ እማማ ካሰች።

በፈቃዱ እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ላበው። ቢያጠፋው፣ ማይኩ ተመልሶ ጸዳለ እጅ ሲገባ ራቁቷን ትቀራለች። ስለዚህ ፓስተሩ ተሠቃዩ። ያን ጊዜ አንድ አስተናጋጅ ወረቀት አቀበላቸው፤ ፓስተሩም ጸሎቱን ገታ አድርገው፣ የቨርጂኒያ ታርጋ ያላት ሰማያዊ ኮሮላ የአምቡላንስ መግቢያ ስለዘጋች ባለቤቷ ቶሎ እንዲያነሳ አሳሰቡ። እያለቀሰች የምትለምን እናት በሚመስል ዜማ። አዳራሹ ግማሹ አሜን አለ፤ ግማሹ መሃረቡን አፉ ውስጥ ከተተ።

በፈቃዱ አጠፋው። የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ለሁሉም ልክ አለው።

ማይኩ ወደ ጸዳለ ተመለሰ። የጀመረችው መስመር «የወደቀውን ጭምር» የሚለው ነበር፤ ድምፁም ወደቀ። መውደቁን የሰማው በፈቃዱ ብቻ አልነበረም፤ ፊት ረድፍ ያሉ ሁለት ዘማሪዎች ተያዩ። ከዚያ ሕዝቡ ተቀበላት፣ ጭብጨባው ደመቀ፣ እሷም ጭብጨባው ውስጥ ተሸሸገች። ሲያልቅ ሁሉም ተባረኪ አላት።

ሲመለሱ ዊልሰን ድልድይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። ጸዳለ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላለች።

«በፌ፣ ፓስተሩን ሰማሃቸው? ሰውየው ድምፅ የላቸውም እኮ። እንደዚያ እየተወዛወዙ ሲዘምሩ አንድ ሰው እንዴት አይነግራቸውም?»

«ያፍራሉ ብሎ ነዋ።»

«ቢያፍሩስ? እኔ ብሆን ይነገረኝ እል ነበር።»

መኪናው አልተንቀሳቀሰም። በፈቃዱ የሚያመልጥበት መውጫ በቀኝም በግራም አልነበረም፤ ከታች ያለው ወንዝ ነው።

«ጸዲ» አላት፣ «ዝቅ ትያለሽ።»

«ዛሬ?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያ ሌላውን ነገራት፤ ማውሱን፣ አፕዴቱን፣ የኮሮላዋ ዜማ ከየት እንደመጣ። እግሯን ከዳሽቦርዱ ላይ አወረደች። ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ እንኳ አላንጎራጎረችም፤ በፈቃዱም ናዝሬት ያለው ያ የመዘምራን መሪ እሱ ቤት ገብቶ የተቀመጠ መሰለው። አውቶቡሱን ሲነዳ የአንዲት ተማሪን ፌርማታ አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጸዳለ የልብስ ቅርጫት ይዛ ወረደች። ያልታረመውን አሰማኝ አለችው። አሰማት። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

«ያስጠላል» አለች። ቆይታም፣ «ግን እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች፤ የዛሬው ሳቅ ቶሎ አላለቀም። ቀጥላ ወንበሩን ይዛ እሱን ማይኩ ፊት አቆመችውና ዘምር አለችው። ዘመረ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ፤ ቲማቲም የተደፋበት መሰለ። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ እኩል ሆነ።

ማረሚያውን አጥፍቶ መስመሩን ብቻ እንዲተውላት አዘዘችው። ልብሱን ድራየሩ ውስጥ ከታ፣ ሕጉን ሳትጠይቅ አስነሳችው። ማይኩ የድራየሩን እምምታ ያዘ፣ መስመሩም ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አረንጓዴ፣ ያለማንም እርዳታ፣ ሳይነቃነቅ። ጸዳለ እጇን የሞቀው ክዳን ላይ አድርጋ መነሻ ድምፁን ከድራየሩ ወሰደች።

አሁን በየቀኑ እንደዚያ ነው። ቤቱ ውስጥ ንጹሕ ያልሆነ ፎጣ የለም፤ የበፈቃዱ ሰላምም አብሮ ታጥቦ ሄዷል። የበሩ ላይ ሕግ ተነስቷል። ትናንት «የወደቀውን» ቀይ ሆነ፤ «ጭምር» ላይ ስትደርስ መስመሩ ተንቀጠቀጠና አረንጓዴ ሆኖ ቆመ፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ።

በፈቃዱ አፉ «ተባረኪ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

«የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ዝቅ ብለሻል» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች ጸዳለ። «ድገመው።»