አባቴ ፈልጎ ያገኘው ዘመድ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንድ ግቢ ውስጥ የመወርወሪያ ድምፅ ከሰማሁ እግሬ በራሱ ይቆማል። መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲሾልክ ሹክ፣ ማጉ ሲመታ ደግሞ ጧ ይላል፤ ልጅ ሳለሁ በዚህ ድምፅ እነቃ፣ በዚሁ ድምፅ አንቀላፋ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነበር። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ በማይርቀው ግቢያችን፣ እግሩን በቆፈረው ጉድጓድ አስገብቶ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ድሩን እንዳያወዛውዝበት በማዳበሪያ ከረጢት ከልሎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራ ነበር። አንድ ዓመት ግን ድምፁ ከመስከረም ጀምሮ ጠፋ። የምጽፈው ስለዚያ ዓመት ነው።

ክረምቱ ወጥቶ የሐይቁ ውሃ ከደለል መጥራት ሲጀምር፣ ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ መጣላት። እኔ እታለም እላት ነበር። ሽማግሌ የላከው ይርጋ፣ ወላጆቹ ቆጋ ላይ ስንዴና ድንች የሚያለሙ፣ እሱ ግን ከእታለም ጋር በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ነበር፤ አብረው ሲወጡ እያየሁ ሁለቱም ለምን እንደሚስቁ ሳይገባኝ እስቅ ነበር። አባቱ አያ ደምሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው፣ የሚባለው ሁሉ ከተባለ በኋላ «እንግዲህ ዘር እንቁጠር» አሉ።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ከሙሽራውና ከሙሽራይቱ ተነሥቶ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይቆጠራል። ሁለቱ ዘሮች ሰባተኛው ቤት ሳይደርስ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፣ ጋብቻ የለም።

አያ ደምሴ ሳይደናቀፉ እስከ ሰባት ቆጠሩ። አባቴ ሦስት ስም ጠርቶ ዝም አለ። ሦስቱም ሸማኔዎች ነበሩ፤ ከእነሱ በላይ ማን እንደነበረ የነገረው ሰው አልነበረም። አያ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩምና «ግድ የለም፣ እስከ ጥር ጠይቀህ ትቆጥርልናለህ» አሉት። እህታቸው ግን ከግቢው ሳትርቅ «የቁጢት በጣሽ ልጅ ሰባት ቤት ከየት ታመጣለች? መጤ ደግሞ ምን ዘር አለው!» ስትል ሁላችንም ሰማናት። ቁጢት በጣሽ ሸማኔን ማንቋሸሻ ስድብ ነው።

«ተወው እባክህ» አለችው እናቴ። «ዝምድና የለንም ብለህ ብትምልላቸው እኮ ያምኑሃል።»

«መሐላ አይደለም የጎደለኝ» አለ አባቴ። «ልጄ የሰው ዘር መሆኗን ይወቁ።» መወርወሪያውንም ሰቀለው።

ጥቅምትንና ኅዳርን በፍለጋ አሳለፈ። ትምህርት በሌለኝ ቀን የተጨናነቀ ጽሕፈት የምታነብልኝ ዓይኔ ናት እያለ ይወስደኝ ነበር። መርዓዊ ያለች አሮጊት አክስቱ የቅድመ አያቱ ክርስትና የተነሣባትን ደብር ነገረችው፤ ደብሯ ከሐይቁ ማዶ ነበረችና በጀልባ ተሻገርን። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ኑዛዜ ማለት በማኅተም የታተመ ወረቀት አልነበረም። ሰው ሞቱ ሲቃረብ ለነፍስ አባቱ በሽማግሌዎች ፊት ይናዘዛል፣ ባለርስት ከሆነም ቃሉ በደብሩ ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፋል። የደብሩ መሪጌታ አባቴን አይተው «ሺህ ድር ሳትሳሳት የምትቆጥር ሰው፣ ሰባት አባት መቁጠር አቃተህ?» ብለው ሳቁበት፣ ከዚያ ግን ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው የክርስትናውን መዝገብ ገልጠው፣ ከአንዱ አባት ወደ ሌላው አባት እያሻገሩ ካሳ የሚባል ሰው ላይ አደረሱን። ከመዝገቡ የሚበልጠው በወንጌሉ ላይ ነበር። የካሳ አባት፣ ቀኛዝማች ሀብቴ፣ እንዲህ ተናዝዘዋል፤ «ልጄ ካሳ እጁ ድር ቢይዝ፣ ወንድሞቹም ቢጸየፉት፣ ደሜ ነውና ከርስቴ እንዳትነቅሉት።»

አባቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ስንመለስ በጀልባዋ አፍ ላይ ተቀምጦ «ሰማሽ? ከርስቴ እንዳትነቅሉት ነው ያሉት» እያለ ደጋገመልኝ። እንደዚያ ቀን ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ጥር ሲብት ሽማግሌዎቹ እንዲሰበሰቡ ላከ፣ መሪጌታውንም ለምኖ አመጣቸው። ኑዛዜውን ለማንም አስቀድሞ አልነገረም ነበር፣ ለእናቴም ጭምር፤ በሁሉም ፊት እንዲነበብ ፈልጎ ነበር። በመስከረሙ ቆጠራ ደግሞ ኀፍረት ጆሮውን ደፍኖት፣ አያ ደምሴ የጠሯቸውን ስሞች አልሰማም ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ልብ አላልኋቸውም። አባቴ ቀና ብሎ፣ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ በስድስተኛው ቤት ቀኛዝማች ሀብቴን ጠራ። መሪጌታው ኑዛዜውን አነበቡ።

አያ ደምሴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደገና ቆጠሩ። ቀኛዝማች ሀብቴ በእሳቸውም ቆጠራ ነበሩ፣ በአምስተኛው ቤት። ተነሥተው አባቴን አቀፉት፣ ትከሻውን ሳሙት። «ወንድሜ ነህ» አሉት፤ «ለካ ወንድሜ ነህ።» ያቺ የሰደበችው እህታቸውም «ደማችንን!» እያለች ታለቅስ ጀመር። አባቴ ግን እጆቹ ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ይርጋ ብቻ ወደ መሪጌታው ዞሮ «አባ፣ ያልሰሙ ይሁኑልን» አላቸው። «ልጄ» አሉት፤ «ከሰማሁ በኋላ በምን አፌ ልባርክህ?»

እታለም ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም።

«አባባ፣ እኔ ዘር ጠይቄዎት ነበር?»

አባቴ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ይርጋን ብቻ ነበር የጠየቅሁዎት» አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ይርጋ ሌላ አገባ። ዘመድ ሆነናልና ተጠራን፤ ዘመድ ደግሞ ከሠርግ አይቀርም። አባቴ እንደገና ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ለሙሽራይቱ ኩታ ሠራ። እታለም በሙሽራው ወገን፣ ከእህቶቹ መካከል ተቀመጠች፣ ሲጨፈር አጨበጨበች፣ ሙሽሮቹ ሲወጡም «እህቱ ሳሚው እንጂ!» ተብላ ተገፍታ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር፤ ሁሉንም መለሰች። አባቴ ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ዓመታት ስለ ዘሩ አንድም ቀን ሲናገር አልሰማሁም፤ አያ ደምሴ ግን እስከ ቀብሩ ድረስ ወንድሜ ይሉት ነበር፣ ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

ያኔ ሰው እስከ ሰባት ካልቆጠረ ያፍር ነበር፤ ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ከአያታቸው አያልፉም። በቅርቡ ስለ ቤተሰብ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ተነሥታ አባቷንና አያቷን ጠርታ ቆመች፣ ከኋላ ያሉት ሲስቁባትም አቀረቀረች። እኔ ነገር እስከ መጨረሻው ካልተብራራ የማይሆንልኝ መምህር ነኝ፤ ጠይቀሽ ነገ ንገሪን ማለት ነበረብኝ።

«ይበቃል» አልኋት። «ተቀመጪ፣ እናቴ።»