የዳሞታው አደይ አበባ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የባለቤቴ እናት አደይ አበባ እንዳመጣ ላኩኝ። ሕፃኑን አዝዬ ዳሞታ ተራራ ወጣሁ። ስመለስ የአበባውን እስር ቁጥቋጦ ላይ ሰቅዬ ልጄን አጠባሁት። ዘወር ስል፣ እናንተዬ፣ የንብ መንጋ አበባው ላይ ተንጠልጥሏል!

የባለቤቴ አባት፣ አባባ፣ የሰቀሉት ቀፎ ንብ አልገባለት ብሎ ጎረቤት ይስቅባቸዋል። ልጄን አዝዬ በነጠላ ሸፈንኩና እስሩን ቀስ ብዬ አነሳሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥለሽው ሩጪ! ሕፃኑን ይነድፉታል!» ይላል መንደር ስደርስ ጎረቤታችን፣ አጥር ጀርባ ተደብቆ።

ብጥለው ይበራሉ፤ ብሮጥ ይቆጣሉ። ትንፋሼን ውጬ፣ በዝግታ እየተራመድኩ ግቢ ደረስኩ። አባባ ቀፎውን አውርደው ደቀኑ፤ ንቦቹ ተግተልትለው ገቡ። ልጄን ገልጬ ባየው ተኝቷል።

የባለቤቴ እናት እልልታውን አቀለጡት።

«ጎረቤት፣ ስሙ! አበባ አምጪ ብዬ ብልካት ማሩንም ይዛልኝ መጣች!»