ኮፍያ የወለቀበት ምሳ

ቨርሊን ስታኪ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ማለዳ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ ቡናቸውን ቆመው ይጠጣሉ፤ የስንዴ ዋጋ ከሬዲዮ ይሰማሉ፤ ከዚያም ሁለቱን የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነሮቻቸውን ግራሶ ሊቀቡ ይወጣሉ። በመከር የሰው ስንዴ እያጨዱ በኤከር ያስከፍላሉ። አንደኛውን ማሽን ራሳቸው ይነዳሉ፤ ሁለተኛውን ደመወዝተኛቸው ኬንት ይነዳል።

መጋቢት ላይ ጎረቤታቸው ዴልማር የፒክአፑን ኮፈን ተደግፎ «አጨዳውም ዋጋውም እንደ አምናው ነው» አላቸው፤ ተጨባበጡ። ውሉ ይኸው ነበር። በዚህ የአሜሪካ ካንሳስ ገጠር ጎረቤቱን ወረቀት የሚያስፈርም ሰው እንደ ተሳዳቢ ይቆጠራል። ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ግን ዴልማር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

ገበሬ አዝመራውን ሳይሰበስብ ሲሞት ጎረቤቶቹ ማሽናቸውን ይዘው መጥተው በነጻ ያጭዱለታል። የዴልማር መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ስድስት ኮምባይነሮች ማሳው ላይ ተሰለፉ። ሁለቱ የቨርሊን ነበሩ። እሳቸው የመጡት በውላቸው መሠረት ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም። በዚያ ቀን ስለ ዋጋ አፍ መክፈት ነውር መስሎ ታያቸው። ቀትር ላይ ከሌሎቹ ጋር ኮፍያቸውን አውልቀው ጸሎት ሰሙ፤ የሟቹ ሚስት ኖርማ ካቀረበችውም በሉ።

ሁለቱ ማሽኖቻቸው ላጨዱት ሒሳብ የላኩት ከአንድ ወር በኋላ ነው። የደወለላቸው የኖርማ ልጅ ከርቲስ ነበር።

«ቨርሊን፣ ከፖም ኬኩ ሁለት ጊዜ ሲያስጨምሩ ሒሳብ እንደሚከተል ቢነግሩን ኖሮ እናቴ አነስ አድርጋ ትቆርጥልዎ ነበር።»

«ከአባትህ ጋር ተስማምተናል።»

«አባቴ እንደሆነ ተነሥቶ አይመሰክርልዎ!»

ባለቤታቸው ዳርሊን ስልኩ እስኪዘጋ አልጠበቀችም። «ፍርድ ቤት ገትራቸው! የኬንትን ደመወዝ፣ የነዳጁን፣ የማሽኑን የባንክ ዕዳ ማን ሊከፍል ነው? መላእክት?»

ቨርሊን «እሺ» ብለው ወጡና ጠዋት ግራሶ የቀቡትን ማሽን እንደገና ቀቡት። የዘንድሮው የባንክ ክፍያ በዚያ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያውቃሉ። ንዴቱ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ አልመጣም።

ሰኞ ኖርማ ራሷ መጣች። ከመኪናዋ አልወረደችም።

«ዴልማር ስለ ውሉ ነግሮኛል፤ ከርቲስ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ቨርሊን፤ በዚያ ቀን ምን ሆነህ ነው የመጣኸው? ጎረቤት ሆነህ ከሆነ አመሰግናለሁ። ሠራተኛ ሆነህ ከሆነ ጊደሮቼን ሸጬ እከፍልሃለሁ።»

«ላስብበት።»

«አስብበት። ብቻ እንደ ዴልማር አትቆይ፤ ለጋብቻ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስብበት ነበር።»

ጥያቄውን ኪስ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይዘውት ዞሩ። ሲበሉም ሲተኙም አብሯቸው ነበር፤ አላስጨነቃቸውም፤ አልወጣምም።

ሐሙስ ዕለት ቨርሊን ከኖርማ ቤት በር ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አላወለቁም።

«እኔ የነዳሁት ማሽን በጎረቤትነት መጣ። ኬንት የነዳው በውሉ መጣ። የኬንትን ብቻ ክፈይኝ።»

«ከርቲስ ይጮሃል።»

«ይጩህ።»

ለባንኩ የሚጎድለውን ለመሙላት በማግስቱ ለአንድ የማሽን ነጋዴ ደወሉ። ለሽያጭ ያቀረቡት ራሳቸው የነዱትን ነው።