አላህን ዋስ የጠራው ሰውዬ

ጓደኛዬ ከዲጃ በሕይወት አለች! ደብዳቤዋ ትናንት ከአሰብ ደረሰ፤ ያነበብኩትም መልሱን የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ቀን ነበር መሰለኝ። ብቻ ሮጬ የምነግራት አያቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆናት።

አያቴ በሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ቆሎ ትሸጥ ነበር። በድርቁ ከቀያቸው የተሰደዱ ልጆች እዚያው ያድራሉ። ከዲጃም አንዷ ነበረች። «ሥራ አስገባቸዋለሁ» የሚል እንግዳ ሲመጣ አያቴ «ዋስህ ማነው?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ስንቱ አፍሮ ተመለሰ!

አንዱ ግን ከዲጃንና ሌሎች ሦስት ሴት ልጆችን ሊወስድ መጥቶ፣ «ዋሴ አላህ ነው፣ እማማ» አላት።

«እንግዲህ አላህን እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብላ ለቀቀችለት።

የልጆቹ ወሬ ሲጠፋ «ሰው ዋስ አምጣ ማለት ነበረብኝ» እንዳለች ሞተች።

ከዲጃ በመስኮት ለጎረቤት ነግራ ያስጻፈችው፣ በር ተቆልፎባት ያለ ደመወዝ እንደምትሠራ ነው። ሦስቱ የት እንደደረሱ እሷም አታውቅም።

ዛሬም ልጆቹ መናኸሪያው ውስጥ ናቸው፤ ልጆች የሚወስደው መኪናም በየገበያው ቀን ይመጣል። አያቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። እኔ ተቀምጬ ብጠይቅ «ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ!» ይሉኛል። ሽበት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በገበያ ቀን ኑና አብራችሁኝ ተቀመጡ።